ከባህር ወጥቶ በማግስቱ ደብረ ብርሃን መግባት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከረማችሁ። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የራሴ ግራ ትከሻ ነው፣ ነገሩ እስኪገባችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ዋና የለመድኩትም በሬሳ ወንዝ ላይ ነው፣ እሱም ዋና ከተባለ፣ ጥርስ በሚያፋጭ ብርድ መንቦጫረቅ ማለት ነው። ካቻምና ለትራንዚት ስራ ጅቡቲ ሦስት ወር ቆይቼ ነበር። እዛ አርብ እረፍት ነው፣ እና ልመለስ ባልኩበት አርብ ጀልባ ያለው አንድ ሰው የአየር ሲሊንደር አሸክሜ ባህር ውስጥ ላጥልቃችሁ አለን። እኔ እንኳን ፈቃድ ምናምን አይጠይቅም ወይ ብዬ ነበር፣ ለሙከራ ነው የጠላቂ ካርድ አያስፈልግም፣ እኔ አጠገባችሁ አለሁ አለ። አንድ ፎርም ሰጠን፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ የኔ ፈረንሳይኛ ደሞ ከቦንዡር አያልፍም፣ ፈረምኩ። ጠዋት ሁለቴ ከሰዓት አንዴ ወረድን። ያየሁትን አሳ ልንገራችሁ ብል ደብዳቤው አያልቅም፣ ይቅር። ማታ አውሮፕላን ተሳፈርኩ፣ ቦሌ አረፍኩ፣ አዲስ አበባ አድሬ ጠዋት ከላምበረት ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ።

ከሰዓት ላይ ትከሻዬና ክርኔ ውስጥ ውስጡን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ብታሸውም ብትተኛበትም ለውጥ የለውም። እናቴ ያው ብርድ ነው የመታህ፣ ከሙቀት ሀገር መጥተህ በሸሚዝ ትዞራለህ ብላ በቅቤ አሸችኝ፣ ጋቢ ደራረበችብኝ። በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ፣ እኔም ረሳሁት። ከወራት በኋላ የጠላቂነት ካርድ ያለው የስራ ባልደረባዬ ይሄን ስነግረው ደንግጦ፣ አንተ ሰውዬ በዛው ቀን በረርክ? አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ጠላቂ በጀርባው የሚሸከመው ኦክስጅን ይመስለዋል፣ አደለም፣ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው በአብዛኛው የሚይዘው ይሄንኑ የምንተነፍሰውን አየር ነው፣ ተጨምቆ ሲሊንደር ውስጥ የገባ፣ ከአምስት እጅ አራቱ ናይትሮጅን። አስር ሜትር ስትወርድ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፣ ሃያ ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ፣ ናይትሮጅኑም በዛው ልክ ደምህና ስጋህ ውስጥ ይሟሟል። ከውሃ ስትወጣ ደሞ ቀስ እያለ በትንፋሽ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጡ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሙ የሚባለው። ግፊቱ ቶሎ ከተነሳ እንደ አምቦ ውሃ ነው፣ ክዳኑን ስትከፍተው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ህመም ነው፣ ነርቭ ላይ ከሆነ ግን ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል፣ በቅቤ የሚታሽ ነገር አደለም።

ለዛም ነው ጠልቀህ ቶሎ አትብረር የሚባለው። አንዴ ብቻ ከጠለቅክ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ከጠለቅክ 18 ሰዓት፣ ብዙዎቹ ለጥንቃቄ 24 ይላሉ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ሊያደርግህ ስለሚችል ነው።

አሁን እኛ ሸዋዎች ቁጭ ብለን እናስላ። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ያልፋል። ስለዚ ሌላው ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍለት ይገላገላል፣ እኛ ግን ከአውሮፕላኑ ወርደን ላምበረት ሄደን ሚኒባስ ይዘን ከአውሮፕላኑ በላይ እንወጣለን! ደብረ ብርሃን ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማበርን የወጣ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም፣ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ቆላ ላይ የተገዛው የብስኩት ላስቲክ ዋሻው ጋ ሲደርስ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል።

ባልደረባዬ ካርድ አለው ብያችኋለሁ፣ ግን እሱም ቢሆን አትብረሩ የሚለውን እንጂ መኪናውን አስቦት አያውቅም ነበር። በባቡር ወይ በመኪና የሚመጣ ሰው ደንቡን ቢያነበው እኔ መቼ በረርኩ ነው የሚለው። ከጋላፊ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከዛ ደብረ ሲና፣ ከዛ ከ3,000 ሜትር በላይ ጣርማበር፣ ይሄ መሬት ላይ ያለ በረራ ካልሆነ ምንድነው? በስልጠናው ከጠለቃችሁ በኋላ ተራራም አትውጡ የሚል አለ እኮ፣ ግን ባህር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ተራራ ማለት ለሽርሽር የሚወጣበት ነው፣ ለኛ ቤታችን ነው።

ስለ ፈቃዱ ደሞ ሰው ሁለት ነገር እያምታታ ነው። የጠላቂው ካርድ እንደ መንጃ ፈቃድ መንግስት የሚሰጠው አደለም በአብዛኛው ሀገር፣ የሚሰጡት እንደ ፓዲ ያሉ አሰልጣኝ ድርጅቶች ናቸው፣ ፓዲ ከ1966 ጀምሮ አለ በፈረንጆቹ። እንደ እስራኤል ያለ አንዳንድ ሀገር ግን ካርዱን በህግ ያስገድዳል፣ የእስራኤሉ ህግ በ1979 የወጣ ነው። መጀመሪያ ደረጃው ካርድ 18 ሜትር ድረስ ነው፣ ቀጣዩ 30፣ ለመዝናኛ የመጨረሻው 40። ካርዱን ለማግኘት 200 ሜትር መዋኘት፣ አስር ደቂቃ ሳይሰምጡ መንሳፈፍ አለ፣ የበሬሳ ዋናዬ አንዱንም የሚያልፍ አይመስለኝም። ያለ ካርድ ለሙከራ መውረድም ይፈቀዳል፣ አሰልጣኝ አጠገብህ ሆኖ እስከ 12 ሜትር፣ ስለዚ ያ ሰውዬ ካርድ አያስፈልግም ማለቱ ውሸት አልነበረም። ሁለተኛው ፈቃድ የድርጅቱ ነው፣ ማለትም ሰውን ባህር ለማስገባት የሚነግደው ሰው ፈቃድ። የኔ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። ያ ሰውዬ ፓስፖርቴን አይቷል፣ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ያውቃል፣ ማታ በራሪ መሆኔን በአፌ ነግሬዋለሁ፣ ብሩን ተቀብሎ አወረደኝ።

አዲስ ቢሮ ይከፈት አላልኩም፣ ማህተም ያነሰን ይመስል። ባህሩም የኛ ስላልሆነ እዛ ሄደን ህግ አናወጣም። ግን የጅቡቲ ጉዞ የሚያዘጋጅ አስጎብኚ ፈቃዱን የሚወስደው እዚሁ ነው አደል፣ እሱን መያዝ ይቻላል። ፎርሙ በአማርኛ ይተርጎም፣ አስም አለብህ ወይ፣ ልብህን ታመህ ታውቃለህ ወይ የሚለውን ሰው አንብቦ ይመልስ፣ እና አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፣ ነገ የት ነው የምታድረው? የሚል። መልሱ ደብረ ብርሃን ወይ መንዝ መሃል ሜዳ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ላይ መጥለቅ የለም፣ ባህር ዳርቻ ቁጭ ብሎ አሳ መብላት ነው።

የሚስቴ ወንድም ዘንድሮ ህዳር ላይ ታጁራ ባህረ ሰላጤ የሚመጣውን ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ አሳ ሊያይ ይሄዳል። ያንን የዋና መነጽርና እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ አድርጎ ላይ ላዩን እየዋኘ ነው የሚያየው፣ እሱ ችግር የለውም። ግን አርብ አንዴ ልጥለቅ ብሏል፣ ስለዚ ትኬቱን ከአርብ ማታ ወደ እሁድ አዘዋውሬዋለሁ፣ የቅያሪውን የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን