ቤታችን እንዳይበተን ለቆማችሁልን ሁሉ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 2012 ዓ.ም.

የእናታችንን ሙት ዓመት ባለፈው ወር ከእናንተው ጋር አድርሰናል። በዕለቱ ተነሥቼ ላመሰግን አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ድንኳኑን ሳየው ድምፄ ተዘጋብኝና ሳልናገር ቀረሁ። በዚህ ወር ወደ ትምህርቴ ስለምመለስ፣ በአፌ ያላልሁትን በጽሑፍ አድርሼ መሄድ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

እናታችን በጥር 2011 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግስት ታማ በሳምንቷ ስታርፍ፣ እኔ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ከእኔ በታች የ16 ዓመት እኅት፣ የ12 እና የ8 ዓመት ወንድሞች፣ እንዲሁም የ4 ዓመቷ ትንሿ አሉ። አባታችን ትንሿ ሳትወለድ ስላረፈ፣ ቤቱን ደግፋ የያዘችው እናታችን ብቻዋን፣ በበርበሬ ንግዷ ነበር።

በሰልስቱ ዕለት ማታ ዘመድ ወደ ጓዳ ገብቶ ሲመክር ቡና ላቀርብ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አጎታችን የ12 ዓመቱን ወደ ገጠር ወስዶ ከብት ሊያስጠብቀው፣ ቡሬ ያለች ዘመዳችን የ8 ዓመቱን ልትወስድ፣ ከአዲስ አበባ ለልቅሶ የመጣች ሴት ደግሞ እኅቴን «እያስተማርሁ አሳድጋታለሁ» ብላ ልትይዛት ተስማምተዋል። ለትንሿ የተገኘላት ማሳደጊያ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን እንዲያውም ፈረንጅ ቢወስዳት ይሻላል አሉ። ልጆቹን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የ8 ዓመቱ ከበርበሬው ኬሻ ጀርባ ተቀምጦ ኖሮ ሁሉንም ሰምቷል፤ ሌሊት ብርድ ልብሱን ላስተካክል ስገባ የትንሿን ቀሚስ ጫፍ ከራሱ ሹራብ ጋር ቋጥሮ ተኝቶ አገኘሁት።

ይህን የምጽፈው ዘመዶቼን ለመውቀስ አይደለም። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቤት ሸክም ይዘው ከእኛ አንዱን ሊጨምሩበት የፈቀዱ ሰዎች ናቸው፤ አምስታችንንም ይዘው ማሳደግ የሚችል ቤት ከመካከላቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ «እያስተማርሁ» ተብለው ከአካባቢያችን ከሄዱት ልጃገረዶች መካከል ስንቶቹ ደብተር ሳይዙ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው እንደቀሩ ሁላችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያ ምስጋናዬ ለቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ትንሿን ከተወለደች ጀምሮ በክትባት ካርዷ የምታውቃት እርሷ ስለነበረች፣ ልቅሶ ደርሳ ስትወጣ ነገሩን ሰምታ በማግስቱ ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ነገረችልን። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ አገልግሎት በከተማችን መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ድጋፍ ሲባል የሚመጣልኝ ስንዴ የሚታደልበት ሰልፍ ብቻ ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አንድ ደብተር ይዛ መጣች። መዝገብ ከመክፈቷ በፊት ምጣዱን፣ ዱቄት ያለበትን ዕቃ፣ ልጆቹ የሚተኙበትን መደብ አየች፤ ከዚያም ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ግቢው ጥግ እየወሰደች አነጋገረቻቸው። ትንሿን እንኳን «ማታ ማን አጠገብ ትተኛለሽ?» ብላ ጠይቃ መልሷን ጻፈች። ቀጥላ ዘመዶቻችንን ሰብስባ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመነጠል በቂ ምክንያት እንዳልሆነ፣ ይህም በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተባበሩት መንግሥታት የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ እንደሆነ፣ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ መደንገጉን አስረዳች። ፈረንጅ ይውሰዳት ላሉት ጎረቤታችንም የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ መከልከሉን በአክብሮት ነገረቻቸው፤ እርሳቸውም «እንዲህ ከሆነማ ደግ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልደበቀችንም፤ ቤቱ ለልጆቹ አደገኛ ሆኖ ካገኘችው ሌላ መፍትሔ ለመፈለግ እንደምትገደድ በግልጽ ነግራናለች። ያን ጊዜ አስፈርታኝ ነበር። ዛሬ ግን ያመንኋት በዚያ ንግግሯ ይመስለኛል።

የቤተሰብ ሕጉ፣ ወላጆች ሞግዚት ሳይሾሙ ከሞቱና አያት ከሌለ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድም ወይም እኅት ከአጎትና ከአክስት እንደሚቀድም የነገረችኝም እርሷ ነች። ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ለመሰከራችሁልኝ ሦስት ጎረቤቶቻችን፣ በተለይም የቀን ሥራችሁን ትታችሁ ሁለት ጊዜ ለተመላለሳችሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎታችንም በመጨረሻ መጥቶ «አልቃወምም» ብሎ ፈርሞልኛል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በሌላ በኩል አንድ መሥሪያ ቤት በአንዲት ወረቀት ጉድለት ሦስት ጊዜ ከመለሰኝ በኋላ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ማሳደጊያ ብታስገቢያቸው አንቺም ትገላገያለሽ» ብሎኛል። ስሙን አልጠራም፤ ቃሏ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ስለ እድራችን ለመጻፍ ቃል ያጥረኛል። ጉዳያችንን ያቀረበላችሁ የቀበሌው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት፣ ማለትም እድሮች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሴቶችና የጤና ሠራተኞች ተሰባስበው ከየቤቱ በዓይነትም በገንዘብም እያዋጡ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ልጆችን የሚደግፉበት ስብስብ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ በተደረገው ስብሰባ ላይ፣ የእድር ገንዘብ ለቀብር የተዋጣ በመሆኑ ሣጥኑ ለቆመ ሰው ከተከፈተ ነገ የሚሞተው በምን ይቀበራል ብላችሁ የተከራከራችሁ አባሎች ነበራችሁ። እናንተንም አመሰግናለሁ። ጥያቄያችሁ ትክክል ነበር፤ ውሳኔው ሣጥኑ ሳይነካ እያንዳንዱ አባል ለአንድ ዓመት በየወሩ 5 ብር እንዲጨምር የሆነውም እናንተ ስለ ሞገታችሁ ነው። የመጀመሪያውን ወር መዋጮና አንድ ቁና ጤፍ ይዘው የመጡት ጥሩንባ ነፊው ነበሩ። ልጆቹ እርሳቸውን በር ላይ ሲያዩ ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ደነገጡ፤ እርሳቸውም ገብቷቸው «ዛሬ ጥሩንባዋን ቤት ትቻታለሁ» አሉና ጤፉን ከትከሻቸው አወረዱ።

አሁን ወደ በርበሬው ልምጣ። እናታችን ከማረፏ በፊት ከአራት ገበሬዎች በዱቤ የወሰደችው ዛላ በርበሬ፣ ገሚሱ ሳይቀነጠስ፣ ገሚሱ ሳይደርቅ በየጥጉ ተከምሮ ነበር። ለቅስተኛው ሁሉ ሲያነጥስ የሰነበተውም በእርሱ ነው። ዕዳው የቤታችን ስጋት ነበር፤ በርበሬው ከሻገተ የምንከፍልበት ሌላ ምንም አልነበረንም። ገበሬዎቹ በሽማግሌ ተለምነው እስከ ፋሲካ ታገሡን። የሰፈራችን ሴቶች ደግሞ ሳትጠሩ በአንድ ማለዳ በደቦ ወጣችሁ። አሥራ አንድ ነበራችሁ፤ ቆጥሬያችኋለሁ። አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ አስራችሁ፣ ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘርግታችሁ፣ ስትቀነጥሱና ስታሰጡ ዋላችሁ፤ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ደለዛችሁልኝ። የእናታችንን ልክ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ በጽሑፍ አልተወችውም። የጽዋ ማኅበር ጓደኛዋ የነበሩ አንዲት እናት ከድልዙ በጣታቸው ቀመስ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና «እጇ በበሶብላው ላይ ይበዛ ነበር፤ ኮረሪማውን ግን ትቆጥበው ነበር» አሉኝ። ያን ቀን ሁላችንም ዓይናችን ቀልቶ እንባችን ሲወርድ ስለዋለ፣ ለበርበሬው ይሁን ለእናቴ እንደማለቅስ ማንም ሊለይ አልቻለም፤ እኔም ሳልሸሽግ ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በርበሬው ተሸጦ ዕዳው ተከፈለ፣ የሚቀጥለውን ለመግዣ የሚሆን ገንዘብም ተረፈን።

የልጆቹ የክፍል ኃላፊዎች ለደብተሩና ለዩኒፎርሙ፣ እንዲሁም ለመክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው በመንግሥት በሚሸፈንበት የጤና መድህን እንድንታቀፍ ያደረጋችሁ የቀበሌው ሠራተኞች፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ስለ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። በየወሩ ትመጣ ነበር፤ የምትመጣውም ልታመሰግነኝ አልነበረም። በመጋቢት ወር እኔ ገበያ በምውልበት ጊዜ ትንሿን እንድትይዝልኝ ብዬ የ16 ዓመቷን እኅቴን ለሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት አስቀርቻት ነበር። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ይህን ከልጆቹ ሰምታ፣ «አዲስ አበባ እንዳትሄድ የከለከልናት እዚህ ሠራተኛ እንድትሆን ነው?» አለችኝ። ተናድጄ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። በማግስቱ ግን እኅቴ ትምህርት ቤት ገባች፤ ትንሿም በቀጣዩ ጎረቤት ቤት መዋል ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) በሞላሁ ጊዜም ትምህርቴን ጨርሶ እንዳልተው፣ በዓመቱ የምመለስበትን ቀን ደብተሯ ላይ የጻፈችው እርሷ ነች። ያ ቀን አሁን ደርሷል።

ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ደብረ ማርቆስ እሆናለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ማታ ግን እመጣለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤታችን ለማደር ተራ ለገባችሁት አራት እናቶች፣ ተራው በእድሩ ጸሐፊ እጅ ተጽፎ ጓዳው በር ላይ ተለጥፏል። የበርበሬው ሒሳብ እኅቴ ጋ ነው፤ የምትቸገርበት ነገር ካለ ለጸሐፊው ትነግረዋለች። የ8 ዓመቱ አሁን 9 ሆኖታል፤ የትንሿን ቀሚስ መቋጠሩን ትቷል፣ ማታ ግን አጠገቧ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እባካችሁ አትለዩዋቸው። የውጭው በር መቀርቀሪያ ስለሚይዝ፣ ከመክፈታችሁ በፊት በሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጉት።