ሞንጎሎችን በገላጣ ሜዳ መግጠም አያዋጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ሚዲቫል ቱ፦ ቶታል ዋር» የተባለው የኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣ ወዲህ፣ ከምሥራቅ የሚዘምተውን የሞንጎል ጦር እንዴት መመከት እንደሚቻል ተጫዋቾች ሲመካከሩ ደጋግሞ የሚሰማው ሐሳብ «ከባድ ፈረሰኛ በብዛት አሰልፋችሁ ግጠሙት» የሚል ነው። እኔ ግን ጀማሪውን ተጫዋች ለሽንፈት የሚዳርገው ይኸው ምክር ነው ባይ ነኝና፣ የተለየ አስተያየቴን እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በገላጣ ሜዳ ላይ ባላባት ፈረሰኞቻችሁ በጋለቡባቸው ቁጥር የሞንጎል ፈረሰኛ ቀስተኞች ቆመው አይጠብቁም፤ እየሸሹ ይወጓቸዋል፤ አሳዳጁ ደክሞ ከእግረኛው በተነጠለ ጊዜም ጦር የያዙት ከባድ ፈረሰኞቻቸው በጎኑ ይገቡበታል። የግብፅ ገዥዎች የነበሩት ማምሉኮች እ.ኤ.አ. በ1260 ፍልስጤም ውስጥ በዐይን ጃሉት የሞንጎሉን አዝማች የኪትቡቃን ጦር ድል ሲያደርጉ ይህንኑ የማስመሰል ሽሽት በሞንጎሎቹ ላይ አውለውታል፤ በጨዋታው ግን ይህ መንገድ የሚከፈተው እንደ ግብፅ ያለ፣ የራሱ ፈረሰኛ ቀስተኞች ያሉት መንግሥት ለያዘ ተጫዋች ነው። ሌላው ተጫዋች ፈረሳቸው የማይዞርበትን ስፍራ ይምረጥ፤ ለዚህም ከድልድይ የተሻለ የለም።

ጦራችሁን በዘመቻው ካርታ ላይ ከወንዝ መሻገሪያ ካቆማችሁት ውጊያው የሚካሄደው በድልድዩ ላይ ነው። ጋሻና ጦር የያዙ እግረኞችን በድልድዩ አፍ ዙሪያ በግማሽ ክብ አሰልፉ፤ ቀስተኞችን ከኋላቸው፣ ወደ ሁለቱ ጎን ገፋ አድርጋችሁ አቁሙ። የእግረኛ ቀስተኞች ጓድ ከፈረሰኛው ጓድ በሰው ቁጥር ስለሚበልጥ በቀስት ልውውጥ ብልጫው የእናንተ ይሆናል፤ ድልድዩ ላይ የተፋፈገው ፈረሰኛም መዞሪያ አያገኝም። አዝማቻቸው ከወደቀ የቀረውን ጦር ወኔው ይከዳዋል፤ ባላባቶቻችሁን የምትለቁት ያን ጊዜ ነው፤ ሸሺውን ተከትለው ከወንዙ ማዶ እንዳይርቁ ግን ልጓማቸውን ያዙ።

እርግጥ ድልድይ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1241 በሞሂ ጦርነት ሃንጋሪዎች የሻዮን ወንዝ ድልድይ ይዘው ሳለ፣ ሞንጎሎቹ በድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ አስለቀቋቸው፤ ሌላው ክፍለ ጦራቸው ደግሞ በሌላ በኩል ተሻግሮ መጣባቸው። በጨዋታውም ሁለተኛ መሻገሪያ አለመኖሩን ሳታረጋግጡ አታሰልፉ፤ ድንጋይ ወርዋሪ ይዘው ከመጡም እግረኛውን አጠጋግቶ ማቆም ለእልቂት ማመቻቸት ነው። ከሞሂ በኋላ የሃንጋሪው ንጉሥ ቤላ አራተኛ ያስፋፋቸው የድንጋይ ምሽጎች እ.ኤ.አ. በ1285 ለተመለሰው ወራሪ ከባድ እንቅፋት ሆነዋል።

የድንጋይ ቅጥር ነገር በጨዋታው የበለጠ ክብደት አለው። ሞንጎሎቹ ሲመጡ የራሳቸው ከተማ የላቸውም፤ ከተማ እስኪይዙም ድረስ የጎደለባቸውን ሰው የሚተኩበት መንገድ ስለሌላቸው፣ የወደቀው እያንዳንዱ ፈረሰኛ ተመልሶ አይሞላም። ስለሆነም የመጀመሪያዋን የድንበር ከተማ ከውድቀት ማዳን ከብዙ የሜዳ ድል ይበልጣል፤ ገንዘባችሁንም በፈረስ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ በግንቧና በቀስተኞቿ ላይ አውሉት።

ከድል በኋላ ምርኮኞችን በቤዛ መልቀቅ ገንዘብ ቢያስገኝም፣ ያንኑ ጦር ለዳግም ውጊያ መልሶ መስጠት ነው። ጨዋታ ነውና በጭካኔ አይታይብኝ እንጂ፣ ከሞንጎሎች ጋር ሲሆን ቤዛውን ባትቀበሉ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ