ደን ከላይ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ አይባልም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ደን በሚወጡ ዘገባዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰፍረው ቁጥር አንድ ነው፤ ከሳተላይት ምስል የተለካ የሄክታር ብዛት። ለሞቃታማ የዝናብ ደን ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። የተለመደው የሳተላይት ምስል የሚያሳየው የደኑን ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በታች ያሉት ችግኞችና ቁጥቋጦዎች የተመነጠሩበት ደን ደግሞ ከላይ ሲታይ ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል።

በመማሪያ መጻሕፍት የደኑ እርከኖች እንደ ፎቅ ቤት ተለያይተው ይሳላሉ። በደኑ ውስጥ ግን ድንበራቸው ያን ያህል የጠራ አይደለም፤ ከቁመት ይበልጥ የሚለያቸው ብርሃን ነው። ከ45 ሜትር በላይ ተነጥለው የሚወጡት ግዙፍ ዛፎች ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ያገኛሉ። በቦርኒዮ ደሴት፣ በሳባ ግዛት በ2019 ይፋ የተደረገው የሜራንቲ ዛፍ 100 ሜትር አልፏል። ከእነዚህ ግዙፎች በታች አክሊላቸው (የላይኛው የቅርንጫፍና የቅጠል ክፍላቸው) የተጋጠመ ዛፎች ጣሪያውን ይሠራሉ፤ አብዛኛው ቅጠል፣ አበባና ፍሬ እዚያ ነው፤ ኦርኪዶችና ሐረጎችም እንዲሁ። መሬት የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ያለ ችግኝ የሚኖረው በቅጠሎች መካከል ሾልኮ ለሰከንዶች ወይም ለጥቂት ደቂቃዎች በሚያርፍበት የፀሐይ ጨረር ነው። የቀኑን ብርሃን ግማሽና ከዚያም በላይ ከዚህ ሊያገኝ ይችላል። ጥላ ውስጥ የቆየ ቅጠል የመጀመሪያውን ጨረር በሙሉ አይጠቀምበትም፤ አየር የሚያስገቡት የቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እስኪከፈቱ ደቂቃዎች ይፈጃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጨረር ግን ዝግጁ ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ሁኔታ ከጉልበት ያልበለጠ ችግኝ፣ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን እስኪገባ ድረስ፣ ዓመታትን ይጠብቃል።

የደኑን ሥር መመንጠር የሚያጠፋው ይህንን ተጠባባቂ ችግኝ ነው። ከዚያ በኋላ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ክፍተቱን ሐረግና ፈጥነው የሚያድጉ፣ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ዛፎች ይይዙታል። ዘር እንደገና ይበቅላል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። የሜራንቲ ወገን ዘር ከወደቀ በኋላ ቢበዛ በሳምንታት ውስጥ ካልበቀለ ይሞታል፤ ዛፎቹ በብዛት የሚያፈሩትም በየተወሰኑ ዓመታት አንዴ ነው።

እንጨት በሚቆረጥበት ደን ደግሞ አንዱ ትልቅ ችግር ሐረግ ነው። አንድ ሐረግ የበርካታ ዛፎችን አክሊል ስለሚያስር፣ አንዱ ሲቆረጥ ጎረቤቶቹን ይዞ ይወርዳል። መፍትሔው ከቆረጣው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ የሚቆረጠውን ዛፍ ሐረጎች ብቻ መቁረጥ ነው፤ ግንኙነቱ ደርቆ ይበጠሳል። የደኑን ሐረግ በሙሉ ማጽዳት ግን ስህተት ነው፤ እንስሳት ከዛፍ ዛፍ የሚሸጋገሩት በእነሱ ነው።

የደን ጫፍም፣ ማለትም ደኑ ከተመነጠረ መሬት ጋር የሚዋሰንበት ዳር፣ ችላ ይባላል። በብራዚል ማናውስ አቅራቢያ ከ1979 ጀምሮ በተከታታይ የሚጠኑ የደን ቁራጮች እንዳሳዩት፣ ከጫፍ እስከ 300 ሜትር ድረስ ግዙፎቹ ዛፎች ከደኑ መሐል በፈጠነ ሁኔታ ይሞታሉ። ምክንያቱ ነፋስና ድርቀት ነው፤ ሐረግም ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ሁለት ደኖች በሄክታር እኩል ሆነው፣ አንዱ የተቆራረጠ ከሆነ፣ እኩል አይደሉም።

ልኬቱ አስቸጋሪ አይደለም። 60 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ገደማ ስፋት ባለው፣ ለናሙና በተከለለ ቀጭን ቦታ (መደብ) ላይ የእያንዳንዱን ዛፍ ቁመት፣ የመጀመሪያ ቅርንጫፉን ከፍታና የአክሊሉን ስፋት መመዝገብ፤ በውስጡም 2 በ2 ሜትር የሆኑ ትንንሽ መደቦች ከልሎ ችግኞችን በየዝርያቸው መቁጠር ነው። የጣሪያው ዛፎች ከታች ተተኪ ከሌላቸው ደኑ እያረጀ ነው ማለት ነው።

ዘጋቢዎቻችሁ የሄክታሩን ቁጥር ሲቀበሉ ሦስት ጥያቄ እንዲያስከትሉ እንጠይቃለን፦ ጣሪያው ስንት ሜትር ላይ ነው? የጣሪያው ዛፎች ችግኝ ከሥር አለ? ከደኑ ምን ያህሉ ከጫፍ 300 ሜትር ውስጥ ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
የደን ባለሙያዎች