ክረምት ሳይገባ ጣሪያችንን እንመልስ፦ ለእንጀራ መጋገሪያ ቤታችን የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደሴና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፤

የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የሚገኝ የማኅበራችን አባላት የሚሠሩበት የመጋገሪያ ቤት ጣሪያ ባለፈው ክረምት መውረዱን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለወረደ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተማፅነናችኋል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚያሰለች እናውቃለን። ሥራው ከቆመ ወራት አልፎ ቀጣዩ ክረምት እየቀረበ ዝም ማለት ግን አልቻልንም።

«ያ ሁሉ ተዋጥቶ ገንዘቡ የት ደረሰ?» የሚል ጥያቄ ሰምተናል፤ መልስ ይገባችኋል። በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ በቤቱ ውስጥ ግድግዳ እንጂ ዕቃ አልነበረም። በመዋጮአችሁ ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ስድስቱ ባንድነት ሲበሩ 21 ኪሎዋት ይሆናሉ፣ ይህን ደግሞ ተራ የቤት መስመር አይሸከምም። ስለዚህ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ከፍ ያለ ኃይል የሚሸከም ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ፣ አስገባን፣ በየፌዙ ሁለት ሁለት ምጣድ አደልን፣ ለእያንዳንዱም ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ተደረገለት። ምጣዶቹ፣ ሽቦውና ቆጣሪው ዛሬም አሉ። ደረሰኞቹ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ናቸው፤ መጥቶ ማየት ለማንም ክፍት ነው።

ጣሪያውን የጣለው ዝናብ ብቻ አይደለም። በየሁለትና ሦስት ደቂቃው አክንባሎ ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ሄዶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። መውጫ ስላልነበረው የባሕር ዛፉን ማገር አበሰበሰው፣ ሚስማሩን አዛገው፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲጫነው ተገነደሰ። ያንኑ መልሶ መሥራት ገንዘባችሁን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ለ10 በ6 ሜትር ቤት አሁን የታሰበው በብየዳ የሚገጠም የብረት ማገር፣ ሁለት እጅ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ 56 ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ አሸንዳ፣ እንዲሁም በጣሪያው አናት ላይ ርዝመቱን ሙሉ የሚሄድ የእንፋሎት መውጫ ነው። መስኮቶቹም ፊት ለፊት እንዲተያዩ ይደረጋል። ይህ ለቅንጦት አይደለም፤ ቲቢ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል በቀላሉ ይተላለፋል፣ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ደግሞ የበለጠ ያጠቃል።

«ለምን ሌላ ቦታ አይቀጠሩም?» ለምትሉን፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ነገር ግን በቫይረሱ ምክንያት የሚሰናበት ሰው ይህ የተጻፈበት ደብዳቤ አይሰጠውም፤ «የሠራተኛ ቅነሳ» ወይም «ውልዎ አልታደሰም» ይባላል። ይህን በማስረጃ አስደግፎ መከራከር ለቀን ሠራተኛ እጅግ ከባድ ነው። ለሕክምና ቀጠሮ ፈቃድ በጠየቁ ቁጥር «ምንህን ነው የሚያምህ?» ይከተላል። ጥያቄውን ሽሽት ቀጠሮ የሚዘል፣ መድኃኒቱን ከብልቃጡ አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ የሚደብቅ፣ ከዚያም የሚያቋርጥ አለ። ሲቋረጥ ቫይረሱ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ተበድራ ለኤጀንሲ የከፈለች እህት ደግሞ የጤና ምርመራው ላይ ትወድቃለች፤ ዕዳው ግን ይቀራል።

በኛ ቤት የተራ ሰሌዳ አለ። የቀጠሮ ቀን ሰሌዳው ላይ «ዕረፍት» ተብሎ ብቻ ይጻፋል፣ ሌላው ተራውን ይሸፍናል፣ የሚጠይቅ የለም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው እንደማንኛውም ሰው ይሠራል፤ በእንጀራ ደግሞ ቫይረሱ አይተላለፍም። ይህን አምናችሁ ስትገዙን የኖራችሁ ሆቴሎችና ቤተሰቦች ውለታችሁ አለብን።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካቆመ ወዲህ በጤና ተቋማት በኬዝ ማናጀርነትና በአድሂረንስ ሰፖርተርነት (ታካሚዎችን በመከታተልና መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ በመደገፍ) ይሠሩ ከነበሩት አባሎቻችን ውስጥ ሥራ ያጡ አሉ። ማኅበሩን በወርሃዊ መዋጮ ይዘው የቆዩት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ከውስጥ የሚሰበሰበው ደርቋል።

ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስበን በዝቅተኛው ዋጋ ስናሰላ የግንበኛና የብየዳ ዋጋ ተጨምሮ 480 ሺህ ብር ያስፈልጋል። ባንክ ያለው 130 ሺህ ብር ነው። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ለሚሰጥም፣ አንድ ቆርቆሮ ተሸክሞ ለሚመጣም ደረሰኝ እንቆርጣለን። ሙስሊም ወገኖቻችን ዘካችሁና ሰደቃችሁ፣ ክርስቲያን ወገኖቻችን አሥራታችሁና ምጽዋታችሁ እዚህ ቢውል ለፍቶ ለሚያድር ሰው ደረሰ ማለት ነው። እድሮችም ከመጠባበቂያ ሣጥናችሁ የምትችሉትን እንድትመድቡ እንለምናለን፤ ድንኳናችሁንና ወንበራችሁን እስካሁን አልነፈጋችሁንም።

ገንዘብ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላይ አለ። ወጪ የሚሆነው በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዧና በኦዲተሩ ሦስት ፊርማ ነው። በግለሰብ ስም የሚላክላችሁ የባንክም ሆነ የቴሌብር ቁጥር የኛ አይደለም፤ እባካችሁ አትላኩበት። ከሳዑዲም ከዱባይም የምትልኩ በዚያው የማኅበሩ ሂሳብ አስገቡ፣ የማስገቢያውን ወረቀት ፎቶ ለጽሕፈት ቤታችን ላኩልን። ስማችሁ እንዲነበብ የማትፈልጉ «ስሜ ይቅር» ብላችሁ ጻፉበት፤ ደረሰኙ በቁጥር ብቻ ይወጣል። ብረቱ ከግንቦት በፊት ካልተገዛ ብየዳው ክረምት ላይ ይወድቃልና፣ የምትሰጡትን በዚህ ወር ውስጥ በማኅበሩ ሂሳብ አድርሱልን።

የግንባታ ኮሚቴው