የተቋራጭ ፈቃድ የሚታደሰው ሳይቱ ታይቶ ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴና በኮምቦልቻ በሕንፃ ግንባታ የተሰማራሁ ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በተቋራጭ ፈቃድ አሰጣጥና እድሳት ረገድ በሙያው ውስጥ ያለን ሁሉ እያወቅን በአደባባይ የማንነጋገርበት አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። ይኸውም በፈቃዱ ፋይል ስሙ የሰፈረው ባለሙያና ሳይት ላይ ቆሞ የሚያሠራው ሰው አንድ አለመሆናቸው ነው።

በአገራችን ተቋራጮች በጠቅላላ፣ በሕንፃ፣ በመንገድና በመሳሰሉት ዘርፎች ተለይተው፣ ለረጅም ዓመታትም ከ1 እስከ 10 ባሉ ደረጃዎች ሲመዘገቡ ቆይተዋል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው የባለሙያ ብዛት፣ የማሽነሪ ዓይነት፣ የሥራ ልምድና የገንዘብ አቅም አብሮ ከፍ ይላል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ከባድ ሥራ እንዳይዝ ለመከላከል የታሰበ ነውና። ይሁን እንጂ መዝጋቢው የሚያየው ፋይሉን ነው። የኢንጂነሩ የሙያ ማስረጃ፣ የቅጥር ውሉና የማሽኑ ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ተያይዘው ከቀረቡ መስፈርቱ ተሟልቷል ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሊብሬ የሚከራይበት፣ ኢንጂነሩም ትንሽ ገንዘብ እየተቀበለ ወረቀቱን ብቻ የሚያውስበት ገበያ ተፈጥሯል። ከዚያም አልፎ ፈቃዱ ራሱ ይከራያል፤ ጨረታውን ያሸነፈው ድርጅት የተወሰነ ፐርሰንት ለራሱ አስቀርቶ ሥራውን ለሌላ ያስተላልፋል፣ ሳይቱም በአንድ ፎርማን እጅ ይቀራል።

ይህ የትም ቢደረግ ጥፋት ነው፤ በደሴ ግን አደጋው ይብሳል። ከተማችን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተመሠረተች በመሆኗ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ተዳፋት ተቆርጦ ነው። ከመንገዱ በኩል ሲያዩት ሁለት ፎቅ የሆነ ቤት ከገደሉ በኩል አራት ፎቅ ሆኖ ይታያል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችና ከፋብሪካዎች ጋር ከፍተኛው በሆነው በምድብ ሐ ማስቀመጡ ይታወሳል። በእኔ እምነት በተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት ከፍታው መታየት ያለበት ከታችኛው ወገን ነው፤ ሥራውን የሚይዘውም ተቋራጭ በዚያው ልክ ሊመረጥ ይገባል።

ባለሙያው በሌለበት ሳይት ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት የተቆረጠ ተዳፋት እንዳይናድ የሚይዝ አንድ የድጋፍ ግንብ በቂ ነው። በዲዛይኑ መሠረት ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላል፣ በግንቡም ውስጥ ውሃ የሚወጣባቸው ቱቦዎች በየርቀቱ ይቀመጣሉ። ኢንጂነሩ ከሌለ ግን ከጀርባው በጠጠር ፈንታ ያው የተቆፈረው ጭቃ ተመልሶ ይደለደላል፤ የግንቡን ፊት የሚለስነው ሠራተኛ ደግሞ እንዲያምርለት ብሎ የቱቦዎቹን አፍ በሲሚንቶ ይደፍናቸዋል። ርክክቡ በበጋ ከሆነ ግንቡ እንከን የለሽ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አፈሩ ውሃ ጠግቦ መውጫ ሲያጣ ግንቡ ሆድ ያወጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ቤት ያለው ቤተሰብም ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል።

የኮሎን ስታፋም (ዋናውን ፌሮ ማለትም ብረት ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) እንዲሁ ነው። ፌራዮው (ብረት አጣፊና አሳሪው ሠራተኛ) ጫፉን 90 ዲግሪ አጥፎ ያስረዋል፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈለገው ግን 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮሎኑ እምብርት የሚገባው ነው። ኮሎኑ ሲወዛወዝ የውጭው ኮንክሪት ይላጣል፣ በ90 ዲግሪ የታጠፈው ስታፋም ያን ጊዜ ተከፍቶ ዋናውን ፌሮ ይለቀዋል። ፌራዮውን አልወቅስም፤ ዝርዝሩ ዲዛይኑ ላይ ተስሎ ሳለ አንብቦ የሚያስረዳው ሰው አላገኘም። እኛ ያለነው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚሁ መንገዳችን ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብትሆንም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደለችም።

ቁጥጥሩ ይጥበቅ ሲባል ትንንሽ ተቋራጮች ይጎዳሉ የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ ሚክሰር፣ ቫይብሬተርና ፎርምወርክ ተዘርፎብን ከዜሮ የጀመርን ተቋራጮች አለን። እንዲህ ላለው ሰው በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ለሚሠራ ማሽን የባለቤትነት ማስረጃ አምጣ ማለት የሊብሬ ኪራይን ከማበረታታት በቀር ፋይዳ የለውም። ማሽኑ ሥራው ላይ በእርግጥ የሚቀርብ ከሆነ ሕጋዊ የኪራይ ውል ሊበቃ ይገባል ባይ ነኝ። በማሽኑ ላይ የሚላላውን ያህል በሰው ላይ ይጥበቅ። አንድ ኢንጂነር በስንት ሳይት እንደተመደበ በግልጽ ይመዝገብ፤ መሠረት ሲሞላ፣ ኮሎንና ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ሲሞላ እንዲሁም የድጋፍ ግንብ ጀርባ ከመሞላቱ በፊት በቦታው ተገኝቶ በሳይት መዝገብ ላይ ይፈርም። ፊርማው ለእድሳት እንደ መስፈርት ይታይ፤ ፊርማ የሌለበት ሥራም እንደ ሥራ ልምድ አይቆጠር። ወጣት ምሩቃንም ወረቀታቸውን አከራይተው ከሚያገኙት ይልቅ ሳይት ላይ ውለው የሚያገኙት እውቀትና ደመወዝ እንደሚበልጥ በተግባር የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።

የንግድ ፈቃድ እድሳት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ይህም ተዳፋቶቻችን የሚፈተኑበት ወቅት ነው። የሚመለከታቸው የክልልና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ፋይል ከመቀበላቸው በፊት አመልካቹ ከሠራቸው ግንባታዎች ቢያንስ አንዱን ዝናብ ከጣለ በኋላ በአካል ሄደው እንዲያዩ፣ በፋይሉ ላይ የተጠቀሰው ኢንጂነርም በዚያው ቦታ ተገኝቶ ጥያቄያቸውን እንዲመልስ እጠይቃለሁ። የእኔ ድርጅት ሳይቶች ለዚህ ምልከታ ክፍት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ፣ ከደሴ