ያቺ ቢጫ መብራት

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 8

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ለቁልቢ ገብርኤል በአንቺ መኪና እንደምትሄድ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ስለዚህ መኪናሽ ከሐምሌ 19 በፊት መስተካከል አለባት። በስልክ ስነግርሽ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ስላልሰማሽኝ ነው የምጽፍልሽ።

የጠየቅሽኝ የዳሽቦርዱ ቢጫ መብራት፣ ያ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል፣ እንደ አበራሩ ትርጉሙ ይለያያል። እየሄድሽ ሳለ ብልጭ ድርግም ካለ መኪናዋን ከመንሸራተት የሚጠብቀው ሲስተም ሥራ ላይ ነው፤ ጎማሽ ሊንሸራተት ሲል ደርሶልሻል ማለት ነው። ሞተር ስታስነሺ ደግሞ ለጥቂት ሴኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት። የአንቺው ከኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚያደርገው፣ መብራት ጋር ሳይጠፋ ይሄዳል ካልሽ ሲስተሙ ብልሽት አግኝቶ ራሱን አጥፍቷል። "ምንም አይደለም፣ ፕላስተር ለጥፊበት" ያለሽ ሰው ፍሬኑ ይይዛል ማለቱ ከሆነ እውነቱን ነው። ይይዛል፤ ግን የሚይዘው ኤቢኤስ የሌላቸው የሐረር ፈረስ መጋላዎቹ አሮጌ ፔጆዎች በሚይዙበት መንገድ ነው።

ከኤቢኤስ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተሠራው በእሱ ላይ ነውና። መኪና መሪ የሚሰማው የፊት ጎማው እየዞረ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፍሬን በኃይል ተረግጦ ጎማው ከተቆለፈ፣ መሪውን ወደፈለግሽው ብታዞሪ መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ኤቢኤስ ባለው መኪና በየጎማው ሥር ዙሩን የሚቆጥር ሴንሰር አለ። አንዱ ጎማ ድንገት ሊቆለፍ ሲል ኮምፒውተሩ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይቀንሳል፤ ጎማው መዞር ሲጀምር መልሶ ይጨምራል፤ ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ግርርር የሚል ድምፅም ትሰሚያለሽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ እግሩን ያነሳል። እንዳታነሺ! እስከ ታች ረግጠሽ ያዢ፣ ዓይንሽ ልታልፊበት የምትፈልጊው ቦታ ላይ ይሁን፣ መሪውን አዙሪ። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ያስተማሩን ረገጥ ለቀቅ ማድረግን ነበር፤ ያ ኤቢኤስ ለሌለው መኪና ነው። አጎትሽ አሁንም በአዲስ መኪና ላይ እንደዚያ ይነዳል፤ ምክሩን አትስሚው።

የፍሬን አጋዥ የሚባለውም አብሮ ይሠራል። አደጋ ሲመጣ ሰው ፔዳሉን ቶሎ ይረግጣል እንጂ እስከ መጨረሻው አይረግጥም። አጋዡ እግርሽ በምን ፍጥነት እንደወረደ ዓይቶ የጎደለውን ግፊት ራሱ ይሞላዋል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው ያወጣው።

ሦስተኛው፣ ያቺ ቢጫ መብራት የምትናገርለት የመንሸራተት መከላከያ፣ ነው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ቶዮታ ቪኤስሲ ይለዋል፣ ሌሎች ኢኤስፒ ወይም ኢኤስሲ ይሉታል። መሪው ላይ ያለው ሴንሰር አንቺ ወዴት መሄድ እንደፈለግሽ ይናገራል። ሌላ ሴንሰር ደግሞ መኪናዋ በእርግጥ ምን ያህል እንደዞረች ይለካል። ቦሽ በሠራው ሲስተም ሁለቱ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይነጻጸራሉ። ወደ እኛ የሚያወርደውን የደንገጎ መንገድ አንድ የግራ ኩርባ አስቢ። አስፋልቱ ረጥቦ የመኪናዋ አፍንጫ አልታጠፍ ብሎ ወደ ገደሉ ከሄደ፣ ኮምፒውተሩ የኋላውን ግራ ጎማ ብቻ ለይቶ ይይዝና አፍንጫዋን ወደ ግራ ይጎትታል። ኋላዋ አምልጦ ወደ ውጭ ከተወረወረ ደግሞ የፊቱን ቀኝ ጎማ ይይዛል፤ መዞሯን ይገታል። የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። የትኛውም የተዋጣለት ሹፌር ይህን አይችልም፤ ፔዳሉ አንድ ነው፣ አራቱንም ጎማ በአንድ ላይ ነው የሚይዘው።

መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1995 መርሴዲስ ላይ ነው፤ ያኔ የውድ መኪና ጌጥ ነበር። በ1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት የመርሴዲስን ትንሿን ኤ-ክላስ፣ መንገድ ላይ አጋዘን ድንገት ሲገባ እንደሚደረገው መሪዋን ወዲያና ወዲህ ሲያዞራት ተገለበጠች። ከዚያ በኋላ ነው ኩባንያው በዚያች ትንሽ መኪና ሁሉ ላይ የገጠመው። የእኛ አገር አጋዘን ግመሉ ነው፤ እሱም ቢሆን ተራ ጠብቆ አይሻገርም። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርገውታል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ላይ አንዱ አለው፣ አንዱ የለውም፤ ጓደኛሽ አሮጌ መኪና ስትገዛ ይህን ትመልከት።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር እንደ እድር ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን በደንብ ያከፋፍላል እንጂ ከየትም አያመጣም። ሳጥኑ ደግሞ ጎማሽ አስፋልቱን የሚነካበት፣ ከመዳፍሽ እምብዛም የማይሰፋው ቦታ ነው። በኩርባ ላይ ፍጥነትሽን ከ40 ወደ 60 ብታደርጊው ከጎማው የምትጠይቂው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጎማው መላጣ ሆኖ መንገዱ ከረጠበ የሚከፋፈል ነገር የለም፤ መብራቱ ብልጭ እያለ ገደል ትገቢያለሽ። ልቅ ጠጠር ላይም ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ይችላል፤ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ፊቱ ከምሮ ይቆማል፣ የሚዞረው ግን ይወጣበታል። ጠጠር ላይ ቀደም ብለሽ ቀስ በይ።

ስለ መኪናሽ ደግሞ የእኔ ጥርጣሬ እዚያው ጎማ ላይ ነው። ባለፈው የኋላው ግራ ጎማ ፈንድቶብሽ የተገኘውን አስገብተሻል። የልኩ ቁጥር ከሌሎቹ ካነሰ ያ ጎማ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ኮምፒውተሩም ሦስቱ አንድ ነገር ሲሉ አራተኛው ሌላ እያለው ግራ ይገባዋል። ወይም ጎማውን ሲፈቱ የሴንሰሩን ሽቦ በጥሰውት ይሆናል። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲላወስም እንዲሁ ያደርጋል። መካኒኩ ኮዱን በማሽን ያንብብ፤ ሳያነብ "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" ካለሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ።

ቁልቁለቱን በተመለከተ፣ ከሐረር እስከ አወዳይና ሐረማያ ድረስ አላስብም። ከደንገጎ ወደ እኛ ግን በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር ትወርጃለሽ። ወንድምሽ አሰላልኝ፤ ቁልቁለቱን በሙሉ በፍሬን ብቻ ብትወርጂ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድን መኪና 25 ጊዜ ያህል ከማቆም እኩል ሙቀት ይወጣል፤ ነፋሱ የሚቀንሰው እንዳለ ሆኖ። ያ ሁሉ ሙቀት የሚሄደው ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በቀላሉ ይፈላል፤ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሴንሰሮቹ የጎማ ዙር ይቆጥራሉ እንጂ ዘይትሽ ሊፈላ መሆኑን አይነግሩሽም። ስለዚህ ከደንገጎ ሳትወርጂ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው፣ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አድርጊው፤ ሞተሩ ይያዛት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለሽ በነፃ ማርሽ እንዳትወርጂ። የጫት መኪኖቹ ጥሩንባ ቢነፉብሽ ዳር ያዢና አሳልፊያቸው፣ የሚቸኩሉት እነሱ ናቸው። በቁልቢ ሰሞን ደግሞ በእግሩ የሚወጣው ምእመን ሌሊትም መንገድ ላይ ነው፤ ኩርባ ውስጥ ድንገት ፊትሽ ታገኚዋለሽ።

ጎማውን እዚያው ሐረር ቀይሪ፤ እዚህ ድረስ በዚያ ጎማ አትምጪ። ትክክለኛው ቁጥርና የንፋስ ልኩ የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። የኋላዎቹን ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጊ። ስትገዢ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዪ፤ 2316 ካለ በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ጥርሱ ያልተነካ ነው ብለው በአዲስ ዋጋ ሊሸጡልሽ ይሞክራሉ፤ ጎማ መጋዘን ተቀምጦም ይደርቃል፣ እንዳትቀበይ። የፍሬን ዘይቱንም አብረው ይቀይሩልሽ። ብሩን ነገ አስገባልሻለሁ። ዋጋውን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ቁልቢ በሚኒባስ ይሻላል ትለኛለች።

አባትሽ