ጥቂት ራሶች፦ የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት። የምንሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ሌሎች ክበባት በዘገባቸው ብዙ ሥራ ይዘረዝራሉ። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዘን ነው የከረምነው። ዘገባዬም ስለዚያው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተነጋገርን ሳለ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ሂትለር ሠዓሊ ሊሆን ነበር የሚባለው እውነት ነው? ያኔ ቢያሳልፉት ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው አያልቅም ነበር?» አለችኝ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ የ12ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ሥዕል የወደቀ ሁሉ ክፉ ይሆናል ማለት ነው?» አለ። ልጁ ራሱ ነፍሱ ሥዕል ነው። ለአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በችኮላ አልመለስኩለትም። «እስቲ አብረን እንፈልገው» አልኩት።

ወሬው እውነት ነው። በኦክቶበር 1907 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የ18 ዓመቱ አዶልፍ ሂትለር ለቪየና የሥነ ጥበብ አካዳሚ መግቢያ ፈተና ተቀመጠ። ተፈታኞቹ ከመቶ በላይ ነበሩ። ያለፉት 28 ናቸው። ከስሙ ጎን የተጻፈው አስተያየት በጣም አጭር ነው፦ የፈተናው ሥዕል አያጠግብም፣ ራሶች ጥቂት። ራሶች ሲሉ የሰው ፊት ማለታቸው ነው። የሕንፃ ንድፍ ይሻልሃል ተባለ። ለዚያ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እሱ ትምህርቱን አቋርጧል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እናቱ ክላራ በጡት ካንሰር ሞተችበት። በ1908 ተመልሶ ሲሞክር ጭራሽ ለፈተናው እንኳ አላስቀመጡትም።

ኅዳር ላይ ከውሃ ቀለም ሥዕሎቹ የአምስቱን ቅጂ በኤፎር ወረቀት አትሜ፣ የማን እንደሆኑ ሳልናገር ሰሌዳው ላይ ለጠፍኳቸው። ልጆቹ «አሪፍ ናቸው» አሉ። እውነትም ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ የድንጋዩ ቅርጽ በጥንቃቄ ተሠርቷል። ያ ዝምተኛ ልጅ ተነሣና ወረቀቱን በአፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋ። «ሰዎቹን እዩዋቸው» አለ። ሁላችንም ተጠጋን። ከሕንፃው ሥር ያሉት ሰዎች ነጠብጣብ ናቸው። ፊት የላቸውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁ ራሱ ፈተና አወጣልን። የግቢውን ሻይ ቤት በ40 ደቂቃ ሳሉ አለን። ከ23ቱ 17ቱ ግድግዳና ጠረጴዛ ሣሉ። እኔም መጀመሪያ የሣልኩት በሩን ነው። ሰው መሣል ይከብዳል፤ ሰውየውን ደጋግሞ ማየት ይጠይቃል። ግን እዚህ ላይ ልጆቹን አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ቤት ብቻ መሣል ማንንም ነፍሰ ገዳይ አያደርግም። ፈታኞቹ የመዘኑት ሥዕሉን እንጂ ልቡን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የነካን የሳሙኤል ሞርገንስተርን ታሪክ ነው። ጥር ላይ ሁለት ሴት ተማሪዎች አጥንተው አቀረቡት። ሂትለር ከ1910 እስከ 1913 በቪየና የወንዶች ማደሪያ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ከፖስታ ካርድ እየገለበጠ የከተማዋን ሕንፃዎች እየሣለ ይሸጥ ነበር። ሞርገንስተርን መስታወትና የሥዕል ፍሬም የሚሸጥ አይሁዳዊ ነጋዴ ነው። ፍሬም ባዶውን ከሚቀመጥ ሥዕል ቢገባበት ቶሎ ይሸጣል። ስለዚህ የዚህን ድሃ ወጣት ሥዕሎች ደጋግሞ ይገዛ ነበር። በ1938 ጀርመን ኦስትሪያን ጠቀለለች። ሞርገንስተርን ሱቁን ተነጠቀ። በ1939 ለያኔው ደንበኛው፣ ለአሁኑ መሪ፣ እርዳኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ሂትለር እጅ አልገባም። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ፖላንድ ውስጥ አይሁዶች ታጉረው ወደሚኖሩበት የሎጅ ጌቶ ተጋዘ፤ በ1943 እዚያው ሞተ። ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ አቅራቢ «እሱ እኮ አልገፋውም ነበር» አለችና ወረቀቷን አጠፈች። እኔም እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የካቲት 12 ቀን ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ሄደን አበባ አኖርን። ስንመለስ መንገድ ላይ አንዱ ልጅ «ሙሶሊኒስ? እሱንም ጥበብ እምቢ ብላው ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙሶሊኒን ማንም አልከለከለውም። በ1910 ልብ ወለዱ በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ታትሞለታል። ስታሊንም ገና ተማሪ ሳለ በ1895 ግጥሞቹ በጆርጂያዋ ቲፍሊስ ከተማ ታትመውለታል። መታተሙ አንዱን በእኛ ላይ የመርዝ ጋዝ ከመርጨት፣ ሌላውን ሕዝቡን ከመጨረስ አላገደውም። ለዝምተኛው ልጅ ጥያቄ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ የተገኘው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

የወላጆች ቀን ላይ «አካዳሚው ቢቀበለው ኖሮ ታሪክ ይቀየር ነበር» በሚል ርዕስ ክርክር አደረግን። ተቃዋሚዎቹ በደንብ ተዘጋጅተዋል። ሂትለር ቪየና ቁጭ ብሎ ቢሥልም የ1914ቱ ጦርነት አይቀርም ነበር አሉ። የ1919ኙ የቬርሳይ ውልም፣ በ1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ የገባበት የዋጋ ንረትም፣ በ1932 ስድስት ሚሊዮን ሰው ሥራ ያጣበት ቀውስም። ደጋፊዎቹ ደግሞ ቁጣውና አይሁድ ጠልነቱ ቀድሞም ነበር፣ ግን ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን ለማጥፋት ያንን ሁሉ የመራው ሰው እሱ ነው፣ እሱ ባይኖር ሌላው እዚያ ድረስ አይሄድም ነበር አሉ።

እኔ ዳኛ ስለነበርኩ ያን ቀን ሐሳቤን አልተናገርኩም። እዚህ ልናገር። ደጋፊዎቹ ስለ ሰውየው ያሉት ልክ ይመስለኛል። ጀርመን ያኔ አንድ አምባገነን አያጣትም ነበር፤ ያ እልቂት ግን ያለ እሱ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። በሩን ግን የተሳሳተ ቦታ ነው የምንፈልገው። በ1928 ምርጫ የሂትለር የናዚ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር። በጁላይ 1932 37 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወደ 33 ወርዶ ነበር። እየቀነሰ ሳለ ነው፣ በጃንዋሪ 30 ቀን 1933፣ እነ ፎን ፓፐን (የቀድሞው መራሔ መንግሥት) በእጃችን እናደርገዋለን ብለው፣ ፕሬዚዳንቱ ሂንደንበርግም ፈርሞ፣ መራሔ መንግሥት ያደረጉት። የ1907ቱ ፈታኞች ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። በዚያ በር ቢገባ ኖሮ እያልን ስንቆጭ፣ ይሄኛውን በር የከፈቱትን ሰዎች እንረሳቸዋለን። ልጆቹ እነዚህን ስሞች እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ።

ደግሞ ሥዕሉን መች ተወው? በ1937 መንግሥቱ ሙኒክ ውስጥ «የዘቀጠ ጥበብ» ብሎ የከፈተው ዐውደ ርዕይ ዘመናዊ ሠዓሊዎችን በሕዝብ ፊት ለማዋረድ ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ከሙዚየሞች የተነጠቁት ሥራዎች ከ16 ሺህ በላይ ናቸው። በ1945 በርሊን በቦምብ ስትፈርስ እሱ ምሽጉ ውስጥ ያደገባትን የኦስትሪያዋን የሊንዝ ከተማ የሕንፃ ሞዴል ያይ ነበር። ይህን ክፍል በሚኒ ሚዲያ በሦስት ቀን አቅርበነዋል።

የሙዚየም ጉብኝታችን በመጓጓዣ እጦት ቀርቷል። ለመስከረም ደግመን ጠይቀናል።

በሰኔ የመጨረሻ ሐሙስ ዝምተኛው ልጅ ሊሰናበተን መጣ። ፈተናውን ገና አልወሰደም። ከሥዕል ደብተሩ አንድ ገጽ ቀዶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። የስብሰባ ክፍላችን ነው። ግድግዳው ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ መስኮቱም የለም። የሞርገንስተርንን ታሪክ ያቀረቡት ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዷ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ራሶቹን ቆጠርኳቸው። 24 ናቸው፣ ከእኔ ጋር።